ፕሮፔለር ወይስ ስክሩ? ከእንግሊዝኛ እስከ አይስላንድኛ የደረሰ ውይይት፣ ከነምላሾቹ

የመክፈቻው ጽሑፍ

ይህን የኢንተርኔት ውይይት የከፈተው የቴክኒክ ማኑዋል ተርጓሚ ነው። ነገሩን እንዲህ አቀረበው። እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛ፣ ሆላንድኛ፣ ዴንማርክኛ፣ ኖርዌይኛ፣ ስዊድንኛ፣ አይስላንድኛና አፍሪካንስ ጀርማኒክ የሚባለው የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች ናቸው፤ መርከብንና አውሮፕላንን የሚያንቀሳቅሰውን ባለ ብሌድ (የሚሽከረከሩ ክንፎች ያሉት) መሣሪያ ግን በሁለት ስም ይጠሩታል። አንዱ ከብሎን ስም የወጣ ነው፦ በእንግሊዝኛ ስክሩ፣ በጀርመንኛ ሽራውበ፣ በሆላንድኛ ስኽሩፍ፣ በዴንማርክኛ ስክሩዌ። ሌላው ፕሮፔለር ነው፤ ወደ ፊት መግፋት ከሚል የላቲን ግስ የተገኘ። ከዚህ ተነሥቶ፣ እንግሊዝኛ ስክሩን የተወው አውሮፕላን ሲመጣ ነው፣ ሌሎቹ ግን የጥንቱን ቃል ይዘው ቀሩ ሲል ደመደመ። የጠየቀው ደግሞ ማኑዋል ወደ አማርኛ ሲመለስ ሁለቱን በአንድ ቃል መጠቅለል ይቻል እንደሆነ ነው።

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መደምደሚያው ግን ሁለተኛውን ምላሽ አላለፈም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ምላሽ 1

በአንቱታ የጀመረ፣ አመስግኖ የገባ መላሽ ነው። መስመሩ የተሰመረው በቋንቋና በቋንቋ መካከል ሳይሆን በባሕርና በአየር መካከል ነው አለ። ጀርመኑ መርከብ ላይ ሺፍስሽራውበ፣ አውሮፕላን ላይ ፕሮፔለር ይላል። ሆላንዳዊው መርከብ ላይ ስኽሩፍ፣ አውሮፕላን ላይ ፕሮፔለር። በሁለቱም አገር «የአየር ብሎን» የሚል ስም አለ፣ ሉፍትሽራውበ እና ሉኽትስኽሩፍ፤ ዛሬ ግን በብዛት የሚገኙት በቆዩ ማኑዋሎችና በቴክኒክ ጽሑፍ ነው። አፍሪካንስና አይስላንድኛ ለአየሩም ከብሎን አልወጡም፦ አንዱ ሉኽስክሩፍ፣ ሌላው ሎፍትስክሩቫ ይላል።

ምላሽ 2

የዚህን ውይይት ሁሉ ዋጋ የያዘው ይህ ነው። ፕሮፔለር የሚለው ቃል አውሮፕላን እስኪመጣ አልጠበቀም፤ የ1836ቱ ሁለት የለንደን ፓተንቶች (የፈጠራ መብት ሰነዶች) ላይ ተጽፏል። ፍራንሲስ ፔቲት ስሚዝ በግንቦት መጨረሻ፣ ስዊድናዊው ጆን ኤሪክሰን ስድስት ሳምንት ያህል ዘግይቶ በሐምሌ ያስመዘገቡት «የተሻሻለ ፕሮፔለር» ነበር። በዚያ ዘመን ቃሉ መርከብ የሚገፋ ማንኛውም መሣሪያ ማለት ነው፤ በመርከብ ጎን የሚሽከረከረው ባለ መቅዘፊያ መንኮራኩርም ፕሮፔለር ይባል ነበር። አዲሱን ከአሮጌው ለመለየት ስክሩ ፕሮፔለር ማለት ግድ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁለቱን ቃል አብሮ መጥራት ሲሰለቸው፣ ከፊሉ የመጀመሪያውን፣ ከፊሉ የመጨረሻውን ይዞ ቀረ። ስለዚህ ስክሩና ፕሮፔለር ሁለት ተፎካካሪ ስሞች ሳይሆኑ የአንድ ሐረግ ሁለት ቁራጮች ናቸው።

መላሹ በዚህ አላቆመም። ዛሬ ፕሮፔለር ብሎን የማይመስለው ለምን እንደሆነም አስረዳ። የስሚዝ የመጀመሪያ ሞዴል ከእንጨት የተጠረበ፣ በዘንጉ ዙሪያ ሁለት ሙሉ ዙር የሚጠመጠም ረጅም ጥርስ ነበረው፤ ማለትም በትክክል ብሎን ነበር። በየካቲት 1837 በለንደን የፓዲንግተን ቦይ ላይ ሲሞከር ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ ግማሹ ተሰብሮ ወደቀ፤ ጀልባዋ ግን ፍጥነቷ ጨመረ። ምክንያቱም ረጅሙ ጥርስ ውሃውን ከመግፋት ይልቅ እየታከከው ጉልበት ይበላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥርሱ እያጠረ ሄዶ፣ ዛሬ ብሌድ የምንለው ከብሎን ጥርስ ላይ ተቆርጦ የቀረ ቁራሽ ነው።

ምላሽ 3 እና 4

ሦስተኛው መላሽ ጀርመንኛ ሽራውበን ከእንግሊዝኛ አልተዋሰም ብሎ ዮሴፍ ሬሰልን አመጣ። ሬሰል በ1793 ቦሄሚያ ውስጥ ክሩዲም የተወለደ የኦስትሪያ የደን ሠራተኛ ነው። በ1827 ልዩ መብት ያገኘበት ሰነድ ነገሩን የሚገልጸው እንደ ብሎን ያለ መንኮራኩር ብሎ ነው። በ1829 ትሪየስተ ወደብ ላይ ቺቬታ በምትባል መርከብ ሞከረው፤ የእንፋሎት ቧንቧ ፈነዳና ፖሊስ ሙከራውን ከለከለ። ሬሰል ብሎኑን ያስቀመጠው ከመሪው ፊት ነበር፤ ዛሬም ቦታው ያው ነው፤ የሚገፋው ውሃ መሪው ላይ ስለሚያርፍ መርከቧ በዝግታም ስትሄድ መሪዋን ትሰማለች።

አራተኛው ሬሰል ኦስትሪያዊ ነው፣ ቼክ ነው፣ ስሎቬን ነው ወደሚል ክርክር ጎተተው። ለቃሉ ጥያቄ የሚጨምረው ነገር ስለሌለ አልፌዋለሁ።

ምላሽ 5

አጭር ነው፣ ግን ይጠቅማል። በእንግሊዝ መርከቦች ስም ፊት የሚጻፈው ፒ ኤስ ባለ መቅዘፊያ መንኮራኩር፣ ቲ ኤስ ኤስ ደግሞ ባለ ሁለት ስክሩ የእንፋሎት መርከብ ማለት ነው። ስክሩ በእንግሊዝኛ ባሕር ላይ እንዳልሞተ ይህ ብቻ ይበቃል አለ። አክሎም በሚያዝያ 1845 ባለ ስክሩዋ ራትለርና ባለ መንኮራኩሯ አሌክቶ የኋላ ለኋላ ታስረው ሲጓተቱ፣ ራትለር አሌክቶን 2.5 ኖት (በሰዓት 2.5 የባሕር ማይል) በሚሆን ፍጥነት ወደ ኋላ እንደጎተተቻት አስታወሰ።

ምላሽ 6

ስለ እንግሊዝ አየር ኃይል ሰዎች። እነሱ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ኤርስክሩ፣ የአየር ብሎን፣ ይሉ ነበር፣ ምክንያትም ነበራቸው። ሞተሩ ከኋላ ሆኖ አውሮፕላኑን ሲገፋ ፕሮፔለር ማለት ትክክል ነው፤ ከፊት ሆኖ ሲስብ ግን የሚገፋው ነገር የለም፣ እሱ ትራክተር፣ ሳቢ፣ ነው። ኤርስክሩ ሁለቱንም ይይዛል። አሜሪካኖቹ በዚህ ልዩነት አልተጨነቁም፤ በመጨረሻም የነሱ አነጋገር አሸነፈ። ለአማርኛ «ገፊ» የሚል ቃል ለማውጣት የሚያስብ ሰው ይህን ምላሽ ሁለት ጊዜ ያንብበው።

ምላሽ 7

ከኖርዌይ የጻፈ ሰው ነው። ስለ አንድ ወጥመድ አስጠነቀቀ። በዴንማርክኛና በኖርዌይኛ ነጠላው ፕሮፔል ነው፤ ፕሮፔለር ብሎ ማለት ብዙ ቁጥር ነው። በስዊድንኛ ግን ፕሮፔለር ነጠላ ነው፣ ብዙው ፕሮፔልራር። የኖርዌይ የዕቃ ዝርዝር ላይ ፕሮፔለር የሚል ያየ፣ ስዊድንኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው አንድ ዕቃ ነው ብሎ ያልፋል። ስለዚህ የቁጥሩን ዓምድ ሳያዩ ቃሉን ማመን አይገባም። በሦስቱም አገር ይህ ቃል ለባሕርም ለአየርም ያገለግላል፤ ስክሩዌና ስክሩቭ ከመርከብ ሰው አፍ አልጠፉም እንጂ ማኑዋል ላይ ቦታቸው ጠቧል።

ምላሽ 8

ከሆላንድ የጻፈ ነው፤ ከሁሉ በላይ የተርጓሚን እጅ የሚያድን እሱ ይመስለኛል። በሆላንድኛ የፕሮፔለር ፒች ስፑድ ይባላል። ስፑድ በዕለት ተዕለት ንግግር ጥድፊያ ማለት ነው፣ ከእንግሊዝኛው ስፒድ ጋርም አንድ ሥር አለው። ተርጓሚው የሆላንድ ካታሎግ ላይ ስፑድ 19 የሚል ሲያይ «ፍጥነት 19» ብሎ ይጽፋል፤ ስሕተት ነው። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን ጠንካራ ነገር ውስጥ ቢገባ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ነው፤ 19 ኢንች ማለት በአንድ ዙር 19 ኢንች። ጀርመን ሽታይጉንግ፣ ስዊድንና ኖርዌይ ስቲግኒንግ ይላሉ፤ ሁለቱም ወደ ላይ መውጣት ማለት ስለሆነ አያሳስቱም።

ምላሽ 9

ስምንተኛውን ተከትሎ ስሌት አመጣ። የጀልባ ፕሮፔለር ላይ 14 በ19 ተብሎ ከተቀረጸ የመጀመሪያው ዲያሜትር፣ ሁለተኛው ፒች ነው፣ ሁለቱም በኢንች። ሞተሩ በደቂቃ 5000 ዙር ቢዞር፣ ማርሹም በግማሽ ቢቀንሰው፣ ፕሮፔለሩ 2500 ይዞራል። 2500 በ19 ሲባዛ በደቂቃ 47,500 ኢንች፣ በሰዓት 2,850,000 ኢንች ይሆናል። አንድ የባሕር ማይል 72,913 ኢንች ስለሆነ 39 ኖት ገደማ ይወጣል። ጀልባዋ በተግባር 34 ኖት ብትሄድ ልዩነቱ 13 ከመቶ ነው፤ እሱ ስሊፕ ይባላል፣ በጀርመንኛ ሽሉፕፍ። ውሃ እንጨት ስላልሆነ ስሊፕ ዜሮ አይሆንም። ቁጥሩ በጣም ከፍ ካለ ግን ወይ ብሌዱ ተጎድቷል፣ ወይ ጀልባዋ ከባድ ጭነት ላይ ናት፣ ወይም ካታሎጉ ላይ ስፑድ ተብሎ የተጻፈው በስሕተት ተነብቧል። ፒቹን በ1 ኢንች መቀየር የሞተሩን ዙር ከ150 እስከ 200 ያህል እንደሚለውጥም ጨመረ።

ምላሽ 10 እና 11

እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። አሥረኛው ጥያቄው ስለ ቃል ነው፣ የጀልባ ሱቅ አልከፈትንም ሲል ተቆጣ። ከዘጠነኛው ጋር በአንቱታ ጀምሮ በአንተ ጨረሰ።

አሥራ አንደኛው ግን በቁጣ አልመለሰም። ቃሉን ከሥራው ለይቶ ማወቅ አይቻልም ብሎ አንድ ማስረጃ አኖረ። የጀርመን ቴክኒሻን የፕሮፔለርን አዟዟር ሬኽትስጌንጊሽ ይለዋል፤ ለብሎን ጥርስ የሚጠቀምበትን ያንኑ ቃል። በእርግጥም መለያው አንድ ነው። ፕሮፔለሩን ጠረጴዛ ላይ አጋድመህ ቀዳዳውን ወደ ላይ አድርግ፤ ዝቅ ብለህ ወደ አንተ የቀረበውን ብሌድ ከጎን እይ። ከግራ ወደ ቀኝ ከፍ እያለ ከሄደ ቀኝ ዞሪ ነው፤ ወደ ግራ ከፍ ካለ ግራ ዞሪ። ገልብጠህ ብታስቀምጠውም መልሱ አይለወጥም፤ አንድ ተራ ብሎን አጠገቡ አቁመህ ጥርሱን ብታስተያየው ያው ነው። ስክሩ የሚለው ስም ባይኖር ይህን ለጀማሪ ማስረዳት ይከብድ ነበር። ቀኝ ዞሪ ፕሮፔለር ያላት ጀልባ ወደ ኋላ ስትነዳ ኋላዋ ወደ ግራ እንደሚሳብም አነሣ። ይህን ጀርመኖች ራድኤፌክት፣ የመንኮራኩር ውጤት፣ ይሉታል፤ የአሜሪካ ዓሣ አጥማጆችም እስከ ዛሬ ፕሮፔለሩን ራሱን ዊል ይሉታል። መንኮራኩሩ ከመርከብ ጎን ወርዶ ስሙ ውሃ ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

በእኔ ግምት አሥረኛው መልስ ያጣው እዚህ ላይ ነው።

ምላሽ 12

ስለ አውሮፕላን ጥገና የሚያውቅ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኪው 400 አውሮፕላኖች ላይ ያለው የዳውቲ ፕሮፔለር ስድስት ብሌድ አለው፤ ማኑዋሉም እንግሊዝኛ ነው። ከእንግሊዝኛው ቃላት ሁለቱ በቀጥታ ሲመለሱ ያሳስታሉ አለ። አንደኛው ፋይን ፒች ነው፤ ፋይን «ጥሩ» ማለት አይደለም፣ የብሌዱ ማዕዘን ትንሽ የሆነበት ሁኔታ ነው፤ ተቃራኒው ኮርስ ፒች ነው። ሁለተኛው ፌዘር ነው፤ ቃል በቃል ላባ። ሞተር ሲቆም ብሌዱ ጠርዙን ወደ ነፋሱ አዙሮ ነፋሱ እንዲያልፈው ማድረግ ማለት ነው። ይህ ካልሆነ ነፋሱ የቆመውን ሞተር እያዞረ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ አብራሪውም ወደዚያው ጎን ከሚጎትተው ኃይል ጋር ይታገላል። ጀርመን ይህንኑ ዜግልሽቴሉንግ፣ የሸራ አቀማመጥ፣ ይላል፤ ሆላንድ ፋንስታንት፣ ስዊድን ደግሞ ፍሎይላ፤ የሁለቱም ቃል የሚነሣው ጣሪያ ላይ ከሚቆመው የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚ ነው። አንድ ሥራ፣ ላባ፣ ሸራና ነፋስ ጠቋሚ። ስለዚህ «ላባ ማድረግ» ተብሎ የተተረጎመ ማኑዋል ካለ ይታረም፤ ብሌዱን ለነፋስ በጠርዝ ማዞር ብሎ መጻፍ ይሻላል።

አንድ ነገር አከለበት። ብዙ ሞተር ባላቸው አውሮፕላኖች የፕሮፔለሩ ዘይት ግፊት ሲጠፋ ብሌዱ ወደ ፌዘር ይሄዳል፤ ባለ አንድ ሞተር ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ በአብዛኛው ወደ ፋይን ይመለሳል። የአንዱን ማኑዋል ሐረግ ገልብጦ ለሌላው መጠቀም አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ምላሽ 13 እና 14

አንዱ ሄሊኮፕተር ላይ ያለውም ፕሮፔለር አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። የተሰጠው መልስ ከሚገባው በላይ ሻካራ ነበር፤ ፍሬው ግን ትክክል ነው። ላይኛው ሮተር ነው፤ ዋና ሥራው ማንሳት ነው፣ ብሌዶቹም በያንዳንዱ ዙር ውስጥ ማዕዘናቸውን ይለዋውጣሉ። ነገር ግን ጀርመንኛ ሄሊኮፕተሩን ራሱን ሁብሽራውበር፣ በብሎን የሚያነሣ፣ ይለዋል፤ ስለዚህ ጠያቂው ከሜዳ አልወጣም። አይስላንድኛ ከብሎኑ ወጥቶ ማሽከርከር ከሚል ግስ ሲርትላ የሚል ስም ሰጥቶታል፤ በፕሮፔለር የሚሄደውን ተርባይን አውሮፕላን ግን መልሶ ስክሩቩሶታ፣ ብሎናም ጄት እንደማለት፣ ይለዋል።

ምላሽ 15

ወደ ጣና ሐይቅ ወሰደን። ከርዕሱ መውጣቱን ያውቃል፣ ግን የጀልባ ሰዎች ያንብቡት ብሎ ጻፈ። እንቦጭ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ በቀስታ ወደ ኋላ መንዳት ነው፤ ካልለቀቀ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የማጥፊያውን ገመድ ነቅሎ፣ ሞተሩን አንሥቶ በእጅ መፍታት። የማቀዝቀዣው ውሃ መግቢያም በሥሩ ሊደፈን ይችላል፤ ከሞተሩ ጎን የሚወጣው የውሃ ፍንጣቂ ከቆመ ሞተሩ ሊግል ነው። ከእንቦጭ ይልቅ የሚጎዳው የመረብ ክር ነው፤ ከፕሮፔለሩ ኋላ ገብቶ ኦይል ሲሉን (ዘይቱ እንዳይወጣ፣ ውሃ እንዳይገባ የሚዘጋውን ጎማ) ይቆርጣል፣ ውሃ ይገባል፣ የማርሹ ዘይት ወተት ይመስላል። በትንንሽ ሞተሮች ላይ ፕሮፔለሩን ከሻፍቱ (ከዘንጉ) ጋር የሚይዘው ለስላሳ የናስ ፒን ድንጋይ ሲነካ እንዲሰበር ተብሎ የተሠራ ነው። እሱን በብረት ምስማር የተካ ሰው በሚቀጥለው ድንጋይ የሚሰብረው ማርሹን ነው። ተለቅ ያሉት ሞተሮች በፒኑ ፋንታ የጎማ እምብርት አላቸው፤ ሞተሩ እየጮኸ ጀልባዋ የማትሄድ ከሆነ በውስጠኛውና በውጨኛው ብረት ላይ አንድ የቀለም መስመር አስምሮ መንዳት፤ ሲመለሱ መስመሩ ከተሰበረ ጎማው ለቋል።

ከርዕስ ወጥቷል ብሎ የከሰሰው አልነበረም፤ አሥረኛው እንኳ ዝም አለ።

ምላሽ 16

ስለ ብረቱ ስም። ካታሎግ ላይ ማንጋኒዝ ብሮንዝ የሚባለው ነሐስ አይደለም፤ 58 ከመቶ ገደማ መዳብ፣ ወደ 40 የሚጠጋ ዚንክ ያለበት ናስ ነው። ጀርመኖች ዞንደርሜሲንግ፣ ልዩ ናስ፣ የሚል ስም ስላላቸው እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው ይልቅ እውነቱን ይናገራሉ። ልዩነቱ የወሬ አይደለም፤ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ዚንኩ ተበልቶ ሲወጣ ብረቱ ወደ ሮዝ ያደላና ይደክማል። ሮዝ ቦታ ያየ ሰው በመዶሻ ቀስ ብሎ ይምታው፤ ጤነኛ ብሌድ ይጮኻል፣ የተበላው ድፍን ድምፅ ይሰጣል።

ምላሽ 17

የመክፈቻው ጸሐፊ ተመለሰ። የሁለተኛውን እርማት ተቀብሎ ለባሕሩም ለአየሩም ፕሮፔለር እጽፋለሁ፣ ብሎን የሚለውን ግን አልነካውም አለ። የመካኒኮቻችን ብሎንና ካቻቢቴ ከጣልያንኛ የመጡ፣ ቦታቸውን የያዙ ቃላት ናቸው፤ «የመርከቡ ብሎን ተሰበረ» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢው የሚያስበው ስለ ማሰሪያ ነው። ገፊ የሚለውንም በስድስተኛው ምክንያት ጣለው። ትክክል ነው እላለሁ።

ምላሽ 18

ፊንላንድኛው ምን ይላል ብሎ የጠየቀ መጣ። ፊንላንድኛ ጀርማኒክ አይደለም የሚል ቁጡ መልስ ወዲያው ተሰጠው፤ ያም ሆኖ መልሱን የሰጠው ቁጡው ራሱ ነው፦ ፖትኩሪ፣ መራገጥ ከሚል ግስ።

ምላሽ 19

እስካሁን የመጨረሻው ነው፤ ለአሥራ ሰባተኛው የተጻፈ ማሟያ። ስክሩን በፕሮፔለር መተካት በአንድ ቦታ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንግሊዝኛ ትዊን ስክሩ፣ ጀርመንኛ ዶፐልሽራውበንዳምፕፈር ሲሉ የሚቆጥሩት ፕሮፔለሮቹን ነው፣ ያውም በተለያየ ሻፍት ላይ ያሉትን፤ ስለዚህ «ባለ ሁለት ፕሮፔለር» ይባል። ብሌዶቹን የሚቆጥረው ሌላ ቃል ነው፤ ጀርመን መርከብ ላይ ብሌዱን ፍሉግል፣ ክንፍ፣ ይለዋል፤ አውሮፕላን ላይ ብላት፣ ቅጠል። ድራይፍሉግሊግ የሚል ያየ ተርጓሚ «ባለ ሦስት ፕሮፔለር» ብሎ ከጻፈ፣ ዕቃ ጠያቂው አንድ ባለ ሦስት ብሌድ ሲፈልግ ሦስት ፕሮፔለር ያዝዛል። በትዕዛዝ ቅጽ ላይ የብሌድ ቁጥር፣ ዲያሜትር፣ ፒች፣ አዟዟርና የሻፍቱ ልክ ለየብቻ መስመር ይኑራቸው፤ አዟዟሩም ከኋላ ቆሞ ወደ ፊት ሲታይ እንደሆነ ይጻፍበት።